ለሞዴል ባቡር የድጋፍ ግንብ፦ እውነተኛውን የት ያዩታል፣ እንዴትስ ይለኩታል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ለንደን ነው። 2.4 ሜትር በ60 ሳንቲ ሜትር በሆነ ሰሌዳ ላይ የኦኦ ስኬል ሞዴል ባቡር እየሠራሁ ነው፤ ዘመኑ 1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.)፣ ባቡሮቹ የእንፋሎት። ሐዲዱ በቆረጣ፣ ማለትም መሬቱ ተቆፍሮ በወጣ ጥልቅ መተላለፊያ፣ ውስጥ ያልፋል፤ ከኋላው 12 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ መንገድና ቤቶች አሉ። የጡብ ሥዕል የታተመበት ወረቀት ለጥፌ ግንብ አደረግሁት፤ ውጤቱ ግን የወጥ ቤት ግድግዳ መሰለ። ከእውነተኛ ግንብ መቅዳት እፈልጋለሁ። የትኛውን ልይ? ሐዲድ ውስጥ ሳልገባስ ልኩን እንዴት አገኛለሁ?

መልስ፦ ፎቶ ፍለጋ ከመውጣትዎ በፊት ማስመሪያ ያንሱ። በኦኦ ስኬል 4 ሚሊ ሜትር አንድ ጫማ ነው። የእርስዎ 12 ሳንቲ ሜትር እንግዲህ 30 ጫማ፣ ማለትም ከ9 ሜትር በላይ ይሆናል። ይህን የሚያህል የድጋፍ ግንብ፣ ኮንትራክተሮች ሪቴይኒንግ ዎል የሚሉት አፈር እንዳይናድ የሚይዝ ግንብ፣ አለ፤ ግን ራቁቱን ሲቆም ብዙም አይታይም። ወይ ፊቱ ላይ ቅስት ይገባበታል፣ ወይ ወፋፍራም ምሰሶ ይወጣለታል፣ ወይ ከማዶው ግንብ ጋር በብረት ይደጋገፋል።

ስለዚህ መንገዱን ዝቅ አድርገው ከሐዲዱ አናት 8 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍ እንዲል ያድርጉት፤ በእውነቱ ዓለም 6 ሜትር ገደማ ነው። ድልድይም ይበቃዋል፦ ከሐዲዱ እስከ ድልድዩ ሆድ 60 ሚሊ ሜትር፣ ለድልድዩ ውፍረት ደግሞ 15 ሚሊ ሜትር ቢይዙ ገና 5 ይተርፍዎታል። ቤቶቹ ተጣብቀው ዝቅ ማድረግ ካልተቻለ ከፍታውን ለሁለት ይክፈሉት፦ ከታች 75 ሚሊ ሜትር ግንብ፣ ከዚያ በላይ 45 ሚሊ ሜትር ሣር የለበሰ ተዳፋት። ተዳፋቱ ግን ወደ ኋላ 7 ሳንቲ ሜትር ያህል ቦታ ይበላብዎታል፤ ከዚያ በላይ ቀጥ ካደረጉት አፈሩ በራሱ የሚቆም አይመስልም።

ወጥ ቤት የመሰለው ደግሞ በጡቡ አደራደር ይመስለኛል። ወረቀትዎን ጠጋ ብለው ይዩት። ጡቦቹ ሁሉ በቁመታቸው የተጋደሙ ከሆነ ያ የግማሽ ጡብ ስስ ግድግዳ ነው፤ አፈር አይዝም። የባቡር ግንብ ውፍረቱ ከታች የከፍታውን ሲሶ ይጠጋል። 6 ሜትር ግንብ እግሩ ላይ 2 ሜትር ይወፍራል እንደ ማለት ነው። ያን ውፍረት አንድ ላይ ለማሰር ግንበኛው አንዱን ረድፍ በቁመት፣ ቀጣዩን ረድፍ በጭንቅላት እያፈራረቀ ይደረድራል፤ እንግሊዞች ይህን ኢንግሊሽ ቦንድ ይሉታል። ከውጭ የሚታየው አንድ ረድፍ ረጃጅም ጡብ፣ አንድ ረድፍ አጫጭር ጡብ ነው። ይህ የሌለበትን ሉህ ለዚህ ሥራ አይግዙ፣ ቀለሙ የቱንም ያህል ቢያምር።

አሁን ወደ ቦታዎቹ። ለእርስዎ ዘመንና ከተማ የመጀመሪያው ምርጫዬ ባርቢካን ጣቢያ ነው። የተከፈተው በ1865 ሲሆን በ1950ዎቹ ስሙ ኦልደርስጌት እና ባርቢካን ነበር። መድረኩ ላይ ቆመው በግራም በቀኝም ረጅሙን የጡብ ግንብ በቅርብ ማየት ይችላሉ። ቀና ሲሉ የድሮው የመስታወት ጣሪያ ያረፈባቸው ደጋፊዎች ግንቡ ላይ ቀርተው ያገኛሉ፤ ጣሪያው የተነሣው በ1955 ነው። እንዲህ ያለ ትርፍራፊ ሞዴል ላይ ብዙ ይናገራል፦ በሁለት ሦስት የፕላስቲክ ቁራጭ ግንቡ ታሪክ ያገኛል።

ሁለተኛው ከዩስተን ወደ ካምደን የሚወጣው ቆረጣ ነው። በ1837 ሥራ የጀመረው የለንደንና በርሚንግሃም መስመር አካል ሲሆን መሐንዲሱ ሮበርት ስቲቨንሰን ነበር። እዚህ ያለው አፈር የለንደን ሸክላ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የመረሬን ጠባይ የሚያውቅ ሰው ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም። ስቲቨንሰን ግንቡን ቀጥ አድርጎ ሳይሆን ፊቱን ወደ ውስጥ አጉብጦ የሠራው ይህን ግፊት ለመመከት ነው። ሠዓሊው ጆን ኩክ በርን በ1836 ግንቡ ገና ሲሠራ ስለሣለው ከጀርባ ምን እንደሚመስል ሳይቀር ማየት ይቻላል። ቦታው በኋላ ስለሰፋና ኤችኤስ2 የተባለው የፈጣን ባቡር መስመር ግንባታም ብዙ ስለቀየረው፣ ለእርስዎ የዛሬው ጉብኝት ሳይሆን የእንፋሎት ዘመን ፎቶ ይሻላል።

ከለንደን ውጭ ሁለት ቦታ በፎቶ ይመልከቱ። ሊቨርፑል ውስጥ ከላይም ስትሪት እስከ ኤጅ ሂል ያለው ቆረጣ መጀመሪያ ዋሻ ነበር፤ በ1880ዎቹ ለአራት ሐዲድ ሲሰፋ አብዛኛው ተከፈተ። ከታች የተፈለጠ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ፣ ከላይ የተገነባ ግንብ ነው፤ ሁለቱ የሚገናኙበት መስመር እየወጣና እየወረደ ይሄዳል። በየካቲት 2017 ከላይ ካለው ግንብ ከፊሉ ተንዶ ሐዲዶቹን ዘግቷል። ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ ቾርሊ አጠገብ ደግሞ በሁለት ግንቦች መካከል ከሐዲዱ በላይ የተዘረጉ 16 የድንጋይ ቅስቶች አሉ። ምንም አይሸከሙም፤ ሥራቸው ግንቦቹ ወደ መሐል እንዳይጠጉ መግፋት ብቻ ነው። ሰሌዳዎ ጠባብ ስለሆነ ሁለት ሦስት እንዲህ ያለ ቅስት ጥልቀቱን በደንብ ያጎላዋል።

በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ባሕር ዳር ያለውን የዶውሊሽ ግንብ ብዙ ሰው ይወደዋል፤ ለእርስዎ አይሆንም። የባሕር ግንብ ነው። የሚመክተው ማዕበል እንጂ የመንገድ አፈር ስላልሆነ ቅርጹ ከተማ ውስጥ ሲገባ ይጋጫል።

ሌላ ግንብ ራስዎ መፈለግ ከፈለጉ የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በነጻ የሚያሳየውን የድሮ ኦርድናንስ ሰርቬይ (የብሪታንያ የካርታ ሥራ ድርጅት) ካርታ፣ በ1:2500 የተሠራውን፣ ይክፈቱ። የባቡር መስመሩን ሲከተሉ ተዳፋት ያለበት ቦታ በአጫጭር ጭረቶች ተሞልቶ ያዩታል። ጭረቱ በድንገት ቆሞ መንገዱ ከሐዲዱ ጋር ሲጠጋ እዚያ ግንብ መኖሩ አይቀርም። ቦታውን በጉግል ስትሪት ቪው ያረጋግጡ፤ ከዚያ ከሾፌር ክፍል የተቀረጸ ቪዲዮ ፈልገው ምስሉን ያቁሙት። ከሁሉ የሚበልጠውን ምንጭ ግን ሰው ይረሳዋል፦ የብሪታንያ የባቡር አደጋ መርማሪው ሬይብ ስለ ተናዱ ግንቦች የሚያወጣቸው ሪፖርቶች። ፎቶውም፣ ከጀርባ የነበረው አፈርና ውሃም፣ የመናዱም ምክንያት እዚያ ውስጥ ይገኛል።

ልኩን ለማግኘት ሐዲድ ውስጥ መግባት አያስፈልግም። መግባት ወንጀልም ነው፤ ቅጣቱ እስከ 1,000 ፓውንድ ይደርሳል፣ ደቡብ ለንደን ውስጥ ደግሞ ለባቡሩ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ሦስተኛው ሐዲድ 750 ቮልት ይዟል። ከመድረክ ወይም ከእግረኛ ድልድይ ሆነው ረድፉን ይቁጠሩ። የድሮው ጡብ ከነሞርታሩ በከፍታ 3 ኢንች ነው፤ አራት ረድፍ አንድ ጫማ ይሞላል። በኦኦ ስኬል አንድ ረድፍ ልክ 1 ሚሊ ሜትር ሆነ ማለት ነው። ፎቶው ላይ 72 ረድፍ ከቆጠሩ ሞዴልዎ 72 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ ሌላ ስሌት የለውም። ፎቶው ከጎን የተነሣ ቢሆንም ቆጠራው አይዛባም። ለአግድሙ ደግሞ በቁመቱ የተጋደመ አንድ ጡብ 9 ኢንች ስለሆነ 3 ሚሊ ሜትር ይያዙለት፤ በሁለት ምሰሶ መካከል 20 ጡብ ካለ 60 ሚሊ ሜትር ነው። ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ ጡቡ ወፈር ስለሚል እዚያ ሲሆን ትንሽ ይጨምሩ። የሚገዙትንም ሉህ በዚሁ ይፈትኑት፦ አሥር ረድፍ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ካልሆነ የሌላ ስኬል ነው።

ወደ ሥራው። የታተመውን ወረቀት ይተዉና ጡቡ የተቀረጸበት ፕላስቲክ ይግዙ። 30 በ17 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ አንዱ ሉህ ሁለት ባለ 8 ሳንቲ ሜትር ቁራጭ ይወጣዋል፤ ለ2.4 ሜትር አራት ሉህ፣ ለምሶሶዎቹ አንድ ተጨማሪ፣ በድምሩ አምስት። ምሰሶዎቹን በ60 ሚሊ ሜትር ልዩነት ካቆሙ የሉሁ መጋጠሚያ በየ30 ሳንቲ ሜትሩ ምሰሶ ሥር ይደበቃል። ምሰሶው 9 ሚሊ ሜትር ይስፋ፣ 3 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ይውጣ፤ ረድፉ ከግንቡ ረድፍ ጋር ካልገጠመ ከሩቅ ይታወቃል።

ጀርባውን በኤምዲኤፍ ያድርጉት፤ ፎም ቦርድ በዚህ ርዝመት ይጣመማል። ኤምዲኤፉንም በሁለቱም ገጽ ቀለም ይቀቡት፤ አንድ ወገኑ ብቻ ከታሸገ እርጥበት ያጎብጠዋል። ፕላስቲኩን አሟሚ ፈሳሽ (ሶልቨንት) ባለበት ማጣበቂያ አይለጥፉ። ትነቱ በሁለቱ መካከል ታፍኖ ይቀርና ከሳምንታት በኋላ ፕላስቲኩ ይነፋል፤ አሟሚ የሌለበት የኮንታክት ማጣበቂያ ይሁን። ግንቡን በቱንቢ ቀጥ አድርገው አያቁሙት። ከ12 አንድ ያህል ወደ ኋላ ይጋደል፤ ለ80 ሚሊ ሜትር ከፍታ አናቱ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ይሸሻል ማለት ነው። ይህች ትንሽ መጋደል ነች ግንቡን እየተገፋ ያለ የምታስመስለው።

ከሁሉ በላይ የማተኩርበት ውሃው ነው። ከግንብ ጀርባ የታቆረ ውሃ 6 ሜትር ጥልቀት ላይ በካሬ ሜትር 6 ቶን ይገፋል፤ ስለዚህ እውነተኛ ግንብ ውሃ ማስወጫ ቀዳዳ አለው። ከመሬቱ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ብለው በየ30 እስከ 40 ሚሊ ሜትሩ በ1 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ይብሱ። ከሦስቱ ቀዳዳ ከአንዱ ብቻ እድፍ ያውርዱ፦ መሐሉ ጥቁር አረንጓዴ፣ ዳርና ዳሩ ነጣ ያለ ጨው። ሁሉም ቀዳዳ እኩል ካለቀሰ ውሸት ይሆናል።

ቀለሙ ቀይ አይደለም። የለንደን ጡብ በመሠረቱ ቢጫ ነው፤ በእርስዎ ዘመን ደግሞ ጥላሸት ለብሷል። መጀመሪያ ቢጫማ ቡናማ አክሪሊክ ይቀቡ፤ አንድ ቀን ይደር። ቀጥሎ በጣም የቀጠነ ፈዛዛ ግራጫ የዘይት ቀለም ያፍስሱና ፊቱን በጨርቅ ይጥረጉት፤ በመጋጠሚያው ውስጥ የቀረው ሞርታር ይሆናል። መሠረቱም የዘይት ቀለም ከሆነ ማቅጠኛው ያነሣዋል፤ ብዙ ሰው የሚበላሽበት እዚህ ነው። በመጨረሻ ጥቁርና ጥቁር ቡናማ ቀላቅለው ከላይ ወደ ታች በደረቅ ብሩሽ ይሳቡ፤ ድልድዩ ሥር ጠቆር ይበል። አንድ ሁለት ቦታ ላይ ሰማያዊ የስታፎርድሻየር ጡብ የጥገና እራፊ ያስገቡ። ከስንጥቁ የሚበቅለው ባለ ወይን ጠጅ አበባ ቁጥቋጦ ቡድሊያ ነው፣ የአገራችን የአንፋር ዘመድ፤ ከአንድ በላይ አይትከሉ።

አናቱ ክዳን ይፈልጋል፦ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የድንጋይ ንጣፍ፣ ወደ ፊት ግማሽ ሚሊ ሜትር ወጣ ያለ። መንገዱ ቁልቁል ከወረደ ክዳኑ ይዘቅዝቅ እንጂ የጡቡ ረድፍ አግድም እንደሆነ ይቆይ። ጫፉም ባዶ ሜዳ ላይ እንዳይቆረጥ፤ ወይ ድልድዩ እግር ላይ ይግባ፣ ወይ እያጠረ ሄዶ ተዳፋት ውስጥ ይጥፋ።

ከማጣበቅዎ በፊት ርቀቱን ይፈትሹ። ቀጥ ባለ ሐዲድ ከመሐል መስመሩ እስከ ምሰሶው ፊት 40 ሚሊ ሜትር በቂ ነው። ኩርባ ላይ ግን የረጅም ፉርጎ መሐሉ ወደ ውስጥ፣ ጫፉ ወደ ውጭ ይወጣል፤ በጣም ረጅሙ ፉርጎዎ ጎን ላይ እርሳስ አስረው በእጅዎ እየገፉ መስመሩን ያስምሩ፣ ከዚያ 5 ሚሊ ሜትር ይጨምሩ። ጠጠሩን ከግንቡ አያገናኙት፤ በመሐል 8 ሚሊ ሜትር ያህል በአመድ የተሸፈነ ጠባብ የሠራተኛ መተላለፊያ ይተዉ።