ሳገባ የአባቴን ስም ልተው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። ከእጮኛዬ ጋር ከጥምቀት በኋላ በተክሊል ለመጋባት ቀን ቆርጠናል። የጋብቻ ፈቃድ ለማውጣት ስንዘጋጅ ግን አንድ ነገር አላስማማን አለ። እርሱ «ሁለቱ አንድ ሥጋ ይሆናሉ ተብሏል፤ ባል የሚስት ራስ ነው፤ ስለዚህ ስምሽን ወደ እኔ ስም ማዞር አለብሽ። ልጆች ሲመጡም አንድ ቤተሰብ መሆናችን ይታወቃል» ይላል። እኔ ደግሞ የአባቴን ስም መተው ከበደኝ። አባቴ ካረፈ ገና ሦስት ዓመቱ ነው። ቤተ ክርስቲያን ምን ታዛለች? እምቢ ብል ለባሌ አለመታዘዝ ይሆንብኛል?
ወለተ ሥላሴ

መልስ፦ ልጄ ወለተ ሥላሴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። የአባትሽንም ነፍስ በአጸደ ገነት ያኑርልን። ቤተ ክርስቲያናችን ሴት ስታገባ የአባቷን ስም ትታ የባሏን ትያዝ የሚል ሥርዓት የላትም። የአባትሽን ስም ይዘሽ ብትኖሪ ኃጢአት የለብሽም፤ ባልሽን ናቅሽም አያሰኝብሽም።

እጮኛሽ በቅን ልብ እንደተናገረ አልጠራጠርም። ግን አንድ ነገር አብራችሁ አስቡ። በምትኖሩበት አገር ቅጽ ላይ «የቤተሰብ ስም» የሚባል ቦታ አለ። እኛ ከአገራችን ስንወጣ እዚያ ቦታ ላይ የሚጻፍ ስም ይዘን አልወጣንም። የእኛ ስም ምስክርነት ነው። ለምሳሌ «ሰላም አበበ» ሲባል «ሰላም፣ የአበበ ልጅ» ማለት ነው። ይህች ሰላም «ዮናስ ከበደ» የሚባል ሰው አግብታ «ሰላም ከበደ» ብትባል፣ አማርኛ የሚሰማ ሁሉ የሚረዳው የከበደ ልጅ መሆኗን ነው። የዮናስ እኅት ሆነች ማለት ነው። ባልየው በቅጹ መጨረሻ ላይ ያስገባው የአያቱን ስም ከሆነ ደግሞ በስሟ አክስቱ ልትሆን ነው። ይህን የምለው ቃል ለመሰንጠቅ አይደለም። ለተክሊል ስትቀርቡ ዝምድና እንዳይኖራችሁ እስከ ሰባት ቤት ዘር ይቆጠራል፤ የሚቆጠረውም በዚሁ በአባትና በአያት ስም ነው። አባታችን አብርሃም ሣራን «እኅቴ ናት» ያለው ፈርቶ ነበር፤ ፈርዖን «ሚስትህ እንደሆነች ስለ ምን አልገለጥህልኝም?» ብሎ ወቅሶታል፤ አቤሜሌክም እንዲሁ ወቅሶታል። ሚስትን እኅት የሚያስመስል ስም ለእኛ ሰው ጋብቻውን አይገልጥለትም፤ ይሸፍንበታል እንጂ።

የልጆቹን ነገርም በዚሁ እየው። በእኛ ልማድ የዮናስ ልጅ የሚጠራው በዮናስ ነው፣ በከበደ አይደለም። አባትና ልጅ እንኳ የመጨረሻ ስማቸው አንድ አይደለም። አያት፣ አባት፣ እናት፣ ልጅ እያንዳንዳቸው በየአባታቸው እየተጠሩ በአንድ መሶብ በሉ፣ በአንድ ቤት ጸለዩ። አንድ ቤተሰብ አይደሉም ያላቸው ማንም የለም።

አሁን ወደ ሥርዓቱ ልግባ፤ ለእኔ ዋናው እዚህ ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስም መለወጥ ታውቃለች። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ስትጠመቅ የክርስትና ስም ትሰጣለች። መነኮሰ ሲባልም ስሙን ትለውጣለች፤ መነኩሴ ለዓለም ሞቷልና ፍትሐት ይደገምለታል፣ ስለዚህም በቀድሞ ስሙ አይጠራም። ጳጳስ ሲሾምም በአዲስ ስም ነው። ነገሥታቱ እንኳ ሲነግሡ የመንግሥት ስም ነበራቸው። እንግዲህ ስም መለወጥን ይህን ያህል የምታውቅ ቤተ ክርስቲያን ሙሽሮችን ፊቷ አቁማ ስትባርክ ምን ትሰጣለች? ቀለበት ታደርግላቸዋለች፣ ካባ ታለብሳቸዋለች፣ ቅብዐ ቅዱስ ትቀባቸዋለች፣ አክሊል ትደፋላቸዋለች፣ ሥጋውንና ደሙን ታቀብላቸዋለች። ስም ግን አትለውጥም። ዘንግታው አይመስለኝም። በጋብቻ የሚሞት ሰው የለም። የአባትሽ ልጅ ሆነሽ ትገቢያለሽ፣ የአባትሽ ልጅ እንደሆንሽ ሚስት ትሆኛለሽ። ካህኑም በተክሊሉ ላይ የሚጠሩሽ ወለተ ሥላሴ ብለው ነው።

እጮኛሽ የጠቀሰው ቃል በዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ያለ ነው። ማን ማንን እንደሚተው አብራችሁ አንብቡት። «ሰው አባቱንና እናቱን ይተዋል፥ በሚስቱም ይጣበቃል» ይላል። ትቶ የሚሄደው ወንዱ ነው። ሆኖም ከዚህ ቃል ተነስቶ ወንዱ የአባቱን ስም ይተው ያለ መምህር አልሰማሁም፤ ቃሉ የሚናገረው ስለ መጣበቅ ነውና። «ባል የሚስት ራስ ነው» የሚለውም ኤፌሶን ምዕራፍ 5 ላይ ሲቀጥል ባልን የሚያዝዘው ክርስቶስ ስለ ቤተ ክርስቲያን ራሱን አሳልፎ እንደሰጠ ሚስቱን እንዲወድ ነው። ራስነቱ ራስን በመስጠት የሚታይ ነው፤ ስሜን ውሰጂልኝ የሚል ቃል አልተጻፈበትም።

የሣራንም ስም አንስተው «ይኸው ስሟ ተለውጧል» የሚሉ አሉ። ሦራ ተብላ የነበረችው ሣራ የተባለችው አብርሃም 99 ዓመት ሲሞላው ነው። እርሱ ገና በ75 ዓመቱ ከካራን ሲወጣ ሚስቱ ነበረች። ከጋብቻቸው በኋላ ቢያንስ 24 ዓመት አልፏል ማለት ነው። የለወጠው እግዚአብሔር ነው፣ የተለወጠውም የሁለቱም ስም ነው፣ ምክንያቱም ቃል ኪዳኑ ነው። ኢሳይያስ ምዕራፍ 4 ላይ ሰባት ሴቶች አንዱን ወንድ ይዘው «ስምህ ብቻ በእኛ ላይ ይጠራ» ያሉትም ጐልማሶች በሰይፍ ያለቁበት የመከራ ቀን ልቅሶ ነው። ለሠርግ የተሰጠ ሕግ አድርጎ መጥቀሱ አይገባም። ይልቅስ ወንጌላዊው ሉቃስ የካህኑን የዘካርያስን ሚስት ሲያስተዋውቀን «ከአሮን ልጆች ነበረች፥ ስምዋም ኤልሳቤጥ ነበረ» ይላል። በባሏ ቤት አርጅታ ሳለ የአባቶቿ ዘር ከነክብሩ ተጠራላት።

ከሁሉ ጠንከር ያለው ሙግት ግን ሌላ ነው፤ እጮኛሽ ባያነሳውም እኔ ላንሳው። ቤተ ክርስቲያን የክርስቶስ ሙሽራ ናት፤ ደቀ መዛሙርትም በአንጾኪያ በሙሽራው ስም ክርስቲያን ተባሉ። ሚስትም እንዲሁ በባሏ ስም ትጠራ ቢባልስ? ክርስቲያን የሚለው ስም እኮ በጥምቀት የተሰጠሽ ነው፣ ለእጮኛሽም ተሰጥቶታል። ሁለታችሁ የምትጋሩት የቤተሰብ ስም አላችሁ፤ ገና ሳትተዋወቁ ተቀብላችሁታል።

በአገራችን ታሪክም ይህ እንግዳ አይደለም። ምኒልክና ጣይቱ በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ አንኮበር መድኃኔ ዓለም በቁርባን ተጋቡ። እርሷ እቴጌ እስከመባል ደርሳ ጣይቱ ብጡል እንደተባለች ኖረች፤ የክርስትና ስሟም ወለተ ሚካኤል ነበር። ጋብቻ በእኛ ዘንድ የሚለውጠው ማዕረጉን ነው፤ ወይዘሪት የነበረችው ወይዘሮ ትባላለች። በአንዳንድ አካባቢ ደግሞ አማት ለሙሽራዋ የፍቅር ስም ታወጣላት ነበር፣ እርሱም የቤት መጠሪያ ነው። ወደ እኅት ቤተ ክርስቲያን ብንሄድ የግብፅ ክርስቲያን ሴቶችም አግብተው የአባታቸውን ስም እንደያዙ ይኖራሉ። በኦርቶዶክሳውያኑ ግሪኮች አገርም በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ሚስት የራሷን የቤተሰብ ስም እንድትይዝ ይደነግጋል።

እንግዲህ ብትለውጪስ ኃጢአት ነውን? አይደለም። የመንግሥት ወረቀት ጉዳይ ነው፤ ተስማምታችሁ ብታደርጉት የሚያወግዛችሁ የለም። ግን ሳታስቡ አትፈርሙ። በምትኖሩበት አገር ጋብቻው በራሱ ስም አይለውጥም፤ የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን ይዘሽ ሶሻል ሴኩሪቲ፣ መንጃ ፈቃድ፣ ፓስፖርት እያልሽ የምትለውጪው አንቺ ነሽ። ኋላ መመለስ ብትፈልጊ ፍርድ ቤት ድረስ ሊያስኬድሽ ይችላል። የትምህርት ማስረጃሽም፣ አገር ቤት ያለው ሰነድሽም በአባትሽ ስም ነው። የማውቃት አንዲት እኅት ስሟን ለውጣ ነበር፤ አባቷ ሲያርፍ የእርሱ ልጅ መሆኗን ለማስረዳት ምስክር ስትቆጥር፣ ወረቀት ስታስተረጉም ከአንድ ዓመት በላይ ተንከራተተች። ልጅነቷን ማስረዳቱ ከሐዘኑ ይልቅ እንዳስለቀሳት ራሷ ነግራኛለች።

አንድ ነገር ግን ለአንቺም ልንገርሽ። ስምሽን የያዝሽው አባትሽን ስለምታከብሪ ከሆነ መልካም ነው፤ «አባትህንና እናትህን አክብር» የሚለው ትእዛዝ በሠርግ ቀን አያበቃም። ነገር ግን በልብሽ «ነገ ባይሆንልንስ» የሚል ሐሳብ ካለ፣ እርሱን ለንስሐ አባትሽ አሁኑኑ ንገሪያቸው። እርሱ ከስም የበለጠ ጉዳይ ነው። የእጮኛሽንም ጭንቀት አትናቂበት። በባዕድ አገር ትምህርት ቤትና አውሮፕላን ማረፊያ ላይ «ይህች ሴት የልጆቹ እናት ናት?» ብለው እንዳይጠይቁበት ፈርቶ ይሆናል። ለዚያ የልጆቹን የልደት ወረቀትና የጋብቻችሁን ምስክር ወረቀት ቅጂ ይዞ መጓዝ ይበቃል፤ ብዙ ቤተሰቦች እንዲሁ ያደርጋሉ።

ለካህናቱ የክርስትና ስማችሁን በትክክል ጽፋችሁ ቀድማችሁ ስጡ፤ በሠርጉ ጠዋት ስሙን ረስቶ ወደ እናቱ ስልክ የሚደውል ሙሽራ ብዙ አይቻለሁ። ይህንንም አብራችሁ አንብቡት። እጮኛሽ የሚቀረው ጥያቄ ካለ ራሱ ይጻፍልኝ፣ በደስታ እመልስለታለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።