ከመወልወሉ በፊት ማሞቂያው

ጥያቄው የመጣው ሰሜን ጣልያን ከሚኖሩ እህት ነው። ምእመናኑ ቅዳሴ የሚያስቀድሱት በውሰት ባገኙት የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ነው። እዚያ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በጣውላ ላይ የተሣለ የእመቤታችን ሥዕል አለ። ጠቁሯል፤ ካለፈው ብርድ ወዲህ ደግሞ ሰማያዊ መጎናጸፊያዋ መላጥ ጀምሯል። «በወይራ ዘይት ወልወል ብናደርገውስ?» ይላሉ። ከሥሩ አዲስ ማሞቂያ እንደተተከለም እግረ መንገዳቸውን ጠቅሰዋል።

እህቴ፣ እባክዎ ማንም እንዳይነካው። እኔን ያሳሰበኝ ከጥቁረቱ ይልቅ ማሞቂያው ነው።

የዚያ ዘመን የጣልያን ሠዓሊዎች በአብዛኛው የሚጠቀሙት የፖፕላር ጣውላ ነው። ጀሶ በእንስሳ ሙጫ ለውሰው ጣውላውን ይቀቡታል፤ ቀለሙ የሚያርፈው በዚያ ላይ ነው። ሞቃት አየር ሲያደርቀው እንጨቱ ይኮማተራል። ጀሶውና ቀለሙ ግን አብረውት አይኮማተሩም። ቦታ ሲጠባቸው እንደ ድንኳን ወደ ላይ ይነሣሉ። እዚህ ላይ ጥጥ ካሳረፉበት አለቀ፣ ይረግፋል።

ፍሎረንስ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። በኖቬምበር 1966 እ.ኤ.አ. የአርኖ ወንዝ ሲሞላ፣ ጆርጆ ቫዛሪ በ1546 የሣለው «የመጨረሻው እራት» ሳንታ ክሮቼ በተባለው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከ12 ሰዓት በላይ ውኃ ውስጥ ቆየ። ጣውላው አበጠ፤ ሲደርቅ ደግሞ ተኮማተረና ቀለሙን አላቀቀው። ባለሙያዎቹ ፊቱን በስስ ወረቀት ለጥፈው ባይዙት ኖሮ ቀለሙ ረግፎ ይቀር ነበር። ተጠግኖ ለእይታ የተመለሰው በ2016 ነው።

የወይራ ዘይት ለጊዜው ያበራል፤ ግን ስለማይደርቅ አቧራና ጥቀርሻ ይሰበስባል። በስንጥቁም ሰርጎ ጀሶው ውስጥ ይገባል፤ በኋላ ባለሙያ የሚጨምረው ሙጫ አልይዝ ይላል። እርጥብ ጨርቅም ያው ነው። ሰማያዊው ከአዙራይት ድንጋይ የተፈጨ ከሆነ ብዙ ጊዜ የተለወሰው በሙጫ ነው፣ ሙጫን ደግሞ ውኃ ይፈታዋል።

አሁን የማሞቂያውን ንፋስ ከሥዕሉ ያዙሩት። ሙቀቱን ግን በአንዴ አያጥፉት፤ ድንገተኛ ለውጥ ይብሳል፣ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ይቀንሱት። ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ገዝተው አጠገቡ ያስቀምጡ። ከ50 እስከ 60 በመቶ ባለው ውስጥ ሳይዋዥቅ ቢቆይ ጥሩ ነው። ጧፉንና ጽናውንም ራቅ ያድርጉ።

ከዚያ ማታ መብራቱን አጥፍተው የስልክዎን ባትሪ ከጎን፣ ከሥዕሉ ፊት ጋር አግድም ያብሩ። የተነሣው ቀለም ሁሉ ጥላ ይጥላል። ፎቶ ያንሡት፤ በሳምንቱ ከዚያው ቦታ ይድገሙት። ጥላው ከበዛ ጉዳቱ እየቀጠለ ነው። የረገፈ ቅርፊት ካገኙ እንዳይጠረግ፤ በወረቀት አንሥተው ፖስታ ውስጥ ይክተቱ፣ የወደቀበትንም ቦታ ይጻፉበት። የጥፍር ጫፍ የምታህለው እንኳ ተመልሳ ልትለጠፍ ትችላለች።

ፎቶዎቹን ለደብሩ ካህን ያሳዩና በሀገረ ስብከቱ የቅርስ ቢሮ በኩል ለሶፕሪንተንዴንዛ፣ ማለትም ለመንግሥቱ የቅርስ ጥበቃ መሥሪያ ቤት፣ እንዲያመለክቱ ይጠይቁ። በጣልያን ሕግ እንዲህ ያለውን ሥዕል ያለ እነሱ ፈቃድ መጠገን ክልክል ነው፤ የሚሠራውም የተመዘገበ ባለሙያ መሆን አለበት። እሱ መጀመሪያ የተነሣውን ቀለም በስስ ወረቀትና በቀላል ሙጫ ያስተኛዋል። ጽዳቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያንንም በአንድ ጥግ፣ ከሳንቲም በማትበልጥ ቦታ ላይ ሞክሮ ነው የሚጀምረው።