መልስ፦ የኮሌጅ ኳርተርባክ በምን ይለካል?

ኳርተርባኩ (በአሜሪካ ፉትቦል ኳስ ለተቀባዮች እየወረወረ ማጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች) ጆ በሮው እ.ኤ.አ. በ2019 ለኤልኤስዩ (ለሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ) እንደዚያ የደመቀው በራሱ ችሎታ ነው ወይስ በተቀባዮቹ ብለህ ጠይቀሃል። ሁለቱም ነው፤ የሱ ግን ያመዝናል ባይ ነኝ።

በ2018 ከወረወራቸው ኳሶች የተያዙት 57.8 በመቶ ነበሩ፣ ተችዳውኑም (ኳሱ የተጋጣሚው ሜዳ ጫፍ ሲደርስ የሚቆጠረው) 16። በቀጣዩ ዓመት 76.3 በመቶና 60 ተችዳውን! ልጁ በአንድ ክረምት ሌላ ሰው አልሆነም። ጆ ብሬዲ የሚባል አሰልጣኝ መጥቶ የማጥቃት ስልቱ ተቀየረ፤ ተቀባዮቹ ጀስቲን ጀፈርሰንና ጃማር ቼዝም በሰሉ። ስለዚህ ፐርሰንት ብቻ አይተህ አትፍረድ። አጭር አጭር እያቀበለ ፐርሰንት የሚሰበስብ ሞልቷል።

እኔ የማየው ሲጨንቀው የሚያደርገውን ነው። የዚያን ዓመት ከቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ያደረጉትን ጨዋታ ፈልገህ እይ። አራተኛው ሩብ እየተገባደደ ነው፤ ከአራቱ ሙከራ ሦስተኛው ነው፣ ኳሱን ይዞ ለመቀጠል 17 ያርድ ይቀራል። ቴክሳሶች ተጨማሪ ሰው ልከው ሊያፍኑት መጡ። በሮው ግን አልሸሸም። ወደፊት ገፋ ብሎ ቦታ አገኘና ለጀፈርሰን ለቀቀለት፤ 61 ያርድ፣ ተችዳውን። ጀፈርሰን ከያዘ በኋላ ብዙ ሮጧል እርግጥ፤ ስታቲስቲክሱ ግን 61ዱንም ለኳርተርባኩ ነው የሚጽፈው። ቪዲዮ ሳያዩ የሚከራከሩ ሰዎች የሚያናድዱኝ ለዚህ ነው።

ሌላው፣ በ527 ውርወራ ተከላካዮች ኳሱን የነጠቁት 6 ጊዜ ብቻ ነው። ይሄ የውሳኔ ጉዳይ ነው፤ ተቀባይ ጎበዝ ስለሆነ ብቻ አይመጣም። በኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ላይ በመጀመሪያው አጋማሽ የወረወራቸውን 7 ተችዳውኖች ግን ለመለኪያ አትያዛቸው። የዚያን ቀን የኦክላሆማ መከላከል በሩን ከፍቶ ነው የጠበቀው።