ሰውን አስተውሎ ማንበብ፦ ለአንባቢያን ጥያቄ መልስ

ለዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅና ከባቲ የተላኩ ናቸው። ጠያቂዎቹ ባይተዋወቁም አራቱም የሚሹት አንድ ነገር ነው፤ ሰውን አይቶና ሰምቶ ማወቅ። ረዘም ያሉትን ደብዳቤዎች አሳጥረናል።

«ደሴ ሸዋ በር አካባቢ ሸቀጣ ሸቀጥ እሸጣለሁ። ዱቤ ጠያቂው ብዙ ነው። ዓይኔን እያየ የሚያወራ ሰው አይዋሽም ብዬ አምን ነበር፤ እንዲህ ያሉ ሁለት ሰዎች ግን ዕዳቸውን ሳይከፍሉኝ ጠፉ። ውሸታምን በምን ልለይ?»

ወንድማችን፣ የዓይኑን ነገር ይተዉት። በ58 አገሮች «ውሸታም በምን ይታወቃል?» ተብለው የተጠየቁ ሰዎች አብዝተው የሰጡት መልስ «ዓይን አያይም» የሚል ነበር። ምርምሩ ግን ይህን አይደግፍም። እኛ ዘንድ ደግሞ ይብሳል። በወሎ ገጠር ያደገ ወጣት በዕድሜ የሚበልጠውን ሰው አፍጥጦ አያይም። አንገቱን ሰበር አድርጎ መሬት መሬት እያየ ቢያናግርዎት ስላከበረዎት ነው። ሊያታልል የመጣው ይህን እምነት ስለሚያውቅ ዓይኑን ዓይንዎ ላይ ተክሎ ያወራል።

ቻርልስ ቦንድና ቤላ ዴፓውሎ የተባሉ ተመራማሪዎች ከ24,000 በላይ ሰዎች የሰጡትን ግምት ሰብስበው በ2006 እ.ኤ.አ. አሳትመው ነበር። ሰው በማየትና በመስማት ብቻ እውነቱን ከውሸቱ የለየው በአማካይ 54 በመቶ ያህሉን ነው። ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ፊት ላይ የሚፈልጉትን ወደ ንግግሩ ያዙሩት።

«መቼ ትከፍላለህ?» ብለው አይጠይቁ፤ የዚህን መልስ ከቤቱ አዘጋጅቶ ነው የመጣው። ያልጠበቀውን ግን የሚያውቀውን ይጠይቁ። ደመወዝተኛ ነኝ ካለ ያለፈው ወር ደመወዝ በስንተኛው ቀን ገባ? የቀን ሥራ ከሆነ አሠሪው ማን ነው፤ ሒሳብ የሚያወጣው ቅዳሜ ነው ወይስ በአሥራ አምስት ቀን? እውነተኛ ሰው ትንሽ አስቦ ዝርዝር ይጨምራል፤ «ባለፈው ዘግይቶ ነበር፣ ባንኩ ሲስተም የለም ብሎ» ይላል። ፈጥሮ የሚያወራው ያንኑ የመጀመሪያ ቃሉን ይደግማል፤ ወይም ይማል። ከዚያ ወሬ ለውጠው፣ ዕቃ እየመዘኑ፣ ያንኑ ነገር ከኋላ ወደፊት ያስነግሩት። በፖርትስመዝ ዩኒቨርሲቲ ውሸትን ያጠኑት አልደርት ቭሪ የሚያስረዱት ይህን ነው፦ መዋሸት ለአእምሮ ሸክም ስለሆነ ሸክሙን ሲጨምሩበት ልዩነቱ ይጎላል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ዱቤ የሚጠይቅ ሰው ሁሉ ይሳቀቃል። ላብ፣ መንተባተብ፣ እጅ ማሻሸት የኀፍረት ምልክቶች ናቸው፤ በእነሱ ፈርደው ከመለሱት ጨዋውን አባርረው ደፋሩን ያስቀራሉ። ከሁሉም የሚበልጠው ማስረጃ የዱቤ መዝገብዎ ነው። ለአዲስ ሰው በመጀመሪያ ቢጠፋም የማያሳምምዎትን ያህል ብቻ ይስጡ፤ ቃል የገባበትን ቀንና ያመጣበትን ቀን ጎን ለጎን ይጻፉ። ሦስት መስመር ሲሞላ ከየትኛውም ፊት የተሻለ ይነግርዎታል።

«ኮምቦልቻ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ሥራ ጀምሬያለሁ። አንዳንድ ሰው አንዴ አይቶ ‹ይሄ ሹፌር ነው፣ ያቺ አስተማሪ ናት› ይላል። በልምምድ ይገኛል? ከየት ልጀምር?»

አብሽሪ እህታችን፣ ይገኛል። ግን ከዓይን በፊት ዕውቀት ይቀድማል። የኤዲንብራው ሐኪም ጆሴፍ ቤል (1837–1911) በዚህ ችሎታው የታወቀ ነበር። ከሚነገሩለት አንዱ ይህ ነው፤ ልጅ ይዛ የመጣችን ሴት በየት በኩል እንዳለፈችና የወለል ንጣፍ ፋብሪካ ሠራተኛ መሆኗን ነገራት። መንገዱን ያወቀው ከጫማዋ ጠርዝ ቀይ ጭቃ፣ ሥራዋን ከቀኝ እጇ ጣቶች የቆዳ ቁስል ነው። ያ ጭቃ በከተማው ዙሪያ የት እንደሚገኝ፣ ያ ቁስል የየትኛው ፋብሪካ ሠራተኛ እንደሚወጣበት ባያውቅ ኖሮ ጭቃውም ቁስሉም ምንም አይነግሩትም ነበር። አንቺም የአገርሽን ሙያዎች እጅ ማወቅ አለብሽ።

የእኛ መኪና መሪው በግራ ስለሆነ የረጅም መንገድ ሹፌር የግራ ክንዱ በመስኮት በኩል በሚመጣው ፀሐይ ከቀኙ ይጠቁራል። የብየዳ ሠራተኛ ሸሚዝ ደረቱና እጅጌው ላይ እንደ ወንፊት በጥቃቅኑ የተቃጠለ ነው። ግንበኛ ሲሚንቶ እጁን ስለሚያደርቀው የጣቶቹ ጫፍ ይሰነጠቃል። በምድጃ እንጀራ የምትጋግር ሴት የክንዷን ፀጉር እሳት ለብልቦታል። ጠመኔ የሚይዝ አስተማሪ ነጩ ብናኝ በሚጽፍበት እጅ እጅጌ ላይ ይቀራል፤ ግራኝ ከሆነ በግራው። ልብስ ግን ደካማ ምስክር ነው። በሰልባጅ ዘመን የባንክ ሠራተኛ የሚመስል ኮት የለበሰው ሰው ትናንት ከገበያ ገዝቶት ይሆናል። ስም ሰምተሽም ሃይማኖት አትገምቺ፤ ወሎ ውስጥ ክርስቲያን ሆኖ የአባቱ ስም መሐመድ የሆነ ሰው ብርቅ አይደለም፤ እንግዳሽን በማይሆን ሰላምታ ታሳዝኚዋለሽ።

ልምምዱ እንዲህ ነው። አንድ ደብተር ገጹን በሦስት ክፈይ፦ ያየሁት፣ የገመትኩት፣ የተረጋገጠው። በመጀመሪያው ሳምንት መጀመሪያውን ዓምድ ብቻ ሙይ፤ በቀን አምስት ሰው፣ ለአንዱ አሥር ሰከንድ እይታ፣ ከዚያ ዞር ብለሽ በቃልሽ ጻፊ። ከእጅ ጀምረሽ ወደ ጫማ፣ ከዚያ ወደ ያዘው ዕቃ ሂጂ፤ ፊትን መጨረሻ አድርጊው። ፊት ቀድሞ ከያዘሽ ሌላውን አያሳይሽም።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «50 ዓመት የሚሆነው፣ የተናደደ ሰውዬ» ብለሽ ጽፈሻል እንበል። ከዚህ ውስጥ ያየሽው የቱ ነው? 50 ዓመት ግምት ነው፣ ንዴቱም ግምት ነው። ያየሽው «ጺሙ የሸበተ፣ ቅንድቡን የቋጠረ፣ መታወቂያውን ጠረጴዛው ላይ የወረወረ» ነው። ከየትም ይምጣ፣ ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ የተንገላታ ሰውም እንዲሁ ያደርጋል።

በሁለተኛው ሳምንት ለእያንዳንዱ ምልክት ሦስት ምክንያት ጻፊ፤ አንድ ብቻ ከመጣልሽ ገና አላሰብሽበትም ማለት ነው። በሦስተኛው ሳምንት ግምትሽ ላይ ቁጥር ጨምሪ፦ «ሹፌር፣ 70 በመቶ።» ከዚያ በጨዋታ መሃል አረጋግጪ። «መንገዱ እንዴት ነበር? ራስዎ እየነዱ ነው?» ማለት ያንቺ ሥራ ስለሆነ ማንም አይከፋውም። 50 ግምት ሲጠራቀም ቁጠሪ። 70 በመቶ ያልሻቸው ከአሥሩ ሰባቱ ከተገኙ ሚዛንሽ ልክ ነው። አራቱ ብቻ ከሆኑ ድፍረትሽን ቀንሺ። ሦስተኛውን ዓምድ የሚዘል ሰው አሥር ዓመት ቢገምትም አይሻሻልም፤ የሳታቸውን ይረሳል፣ ያገኛቸውን ያስታውሳል።

ሲያዩ ማፍጠጥ ነውር ነው፤ በተለይ የሚበላ ሰው ላይ ዓይንሽን አትትከዪ። ሁለት ሁለት ሰከንድ እየቆራረጥሽ እዪ።

«ሐይቅ ነኝ። አንድ ሰው ፊቴን አይቶ ‹ከውጭ ጠንካራ፣ ከውስጥ ግን ቶሎ የምትጎጂ ነሽ› አለኝ። ልክ ነው። እንዴት አወቀ?»

አላወቀም። በ1948 እ.ኤ.አ. በርትራም ፎረር የተባሉ የሥነ ልቦና መምህር ለ39 ተማሪዎቻቸው «የየራሳችሁ የባሕርይ ውጤት» ብለው ወረቀት አደሉ። ተማሪዎቹ ምን ያህል እንደሚገልጻቸው ከ5 ሲመዝኑ አማካዩ 4.26 ሆነ። ወረቀቱ ግን የሁሉም አንድ ዓይነት ነበር። የሰውየውን ቃል ወስደሽ ለአምስት ጎረቤቶችሽ አንብቢላቸው፤ ስንቱ «እኔን ነው» እንደሚል ታያለሽ። ገንዘብ ከጠየቀሽ አትክፈዪ።

«በባቲ የሰኞ ገበያ ፍየል ሰብስቤ እገዛለሁ። ሻጮች ‹እሺ፣ አመጣለሁ› ይሉኛል፤ ቀኑ ሲደርስ የሉም። እውነተኛውን እሺ በምን ልወቅ?»

አያ፣ የእኛ «እሺ» ሁለት ሥራ አለው። አንዱ «አደርገዋለሁ» ነው፤ ሌላው «ሰምቼሃለሁ፣ ፊትህን አላሳፍርም» ነው። ሰው ሲያዳምጥ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ እያደረገ «እህ» የሚለውም እየተከተለዎት መሆኑን እንጂ መስማማቱን አይገልጽም። ያ ድምፅ ስለበዛ ውል ታስሯል ብለው አይነሱ።

«ኢንሻ አላህ» ወይም «እግዜር ካለ» ማለቱንም እንደ ማምለጫ አይቁጠሩት፤ በሙሉ ልቡ የሚመጣውም ይለዋል። የሚለየው ከእሺው በኋላ የሚከተለው ነው። ሊያመጣ ያሰበ ሰው መልሶ ይጠይቃል፦ «ስንት ሰዓት? ከየትኛው በኩል ልቁም? ወጠጤ ብቻ ነው ወይስ እንስቷንም?» ሥራውን በአእምሮው ጀምሮታልና የጎደለው ይታየዋል። «እሺ፣ እሺ» ብሎ ወደ ሌላ ወሬ የዞረ ገና አልጀመረም።

ከማይተዋወቁት ሰው ጋር ጊዜ ካለዎት ቡና ያፍሉ። በአቦሉ ስለ ፍየል አያንሱ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ መንገዱ ያጫውቱት። ያን ጊዜ ፍጥነቱን፣ እጁን የት እንደሚያኖር፣ ሳይጠየቅ ምን ያህል እንደሚያወራ ልብ ይበሉ፤ ይህ መደበኛ ሁኔታው ነው። ባቲ ላይ አፋሩም ኦሮሞውም አማራውም ስለሚገናኝ የአንዱን ዝምታ በሌላው መለኪያ መለካት አይሆንም፤ ሰውየውን ከራሱ ጋር ብቻ ያስተያዩት። ጉዳዩን በቶናው ያንሱ። ሲጫወት የነበረው ዝም ካለ፣ ወይም ዝምተኛው ማብራራት ካበዛ፣ አንድ የከበደው ነገር አለ ማለት ነው። ዋጋው ይሆናል፤ የመጓጓዣውም ይሆናል፤ ለሌላ ሰው ቃል ገብቶም ይሆናል። ስለዚህ አይፍረዱ፤ «የትኛው ላይ ነው የከበደህ?» ብለው ይጠይቁት። በበረካው አብዛኛው ሰው ይናገራል።

እሑድ ማታ ደግሞ ይደውሉለትና «ነገ ስንት ይዘህ ትመጣለህ?» ይበሉት። ቁጥር ከነገረዎት ቦታ ያዙለት። «እንተያያለን» ካለ ሌላ ሻጭ ይፈልጉ።