ሲቪዬ ላይ ከኮርስ ስም በቀር ምንም የለም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በቤተ መጻሕፍትና መዛግብት ጥናት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የቀረኝ አንድ ሴሚስተር ነው። የሥራ ማስታወቂያ ባየሁ ቁጥር «ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ» ይላል። የእኔ ሲቪ ላይ ያለው የኮርስ ስም ብቻ ነው። ጓደኞቼ አጫጭር የኢንተርኔት ሥልጠና እየወሰዱ ሰርተፍኬት ይሰበስባሉ። እኔም ልከተላቸው ወይስ ሌላ የሚሻል ነገር አለ?
ጊዜ ያጠራት ተማሪ

መልስ፦ አንቺ እያልኩ ብጽፍልሽ ቅር አይበልሽ፤ በዕድሜ ልጄ ትሆኛለሽ።

ሰርተፍኬቱ ይቆይሽ። አይጎዳም፣ ግን ሥራ አያስገኝም። በቅጥር ኮሚቴ ውስጥ ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ። የሰርተፍኬቱን ክምር ገለጥ ገለጥ እናደርግና ወደ ጎን እናስቀምጠዋለን። ከዚያ አንዳችን እንጠይቃለን፦ «ራስሽ ጀምረሽ የጨረስሽው ስብስብ አለ?» የአንድ ሰው ወይም ተቋም ወረቀቶች፣ ተደርድረውና ተገልጸው ማለታችን ነው። አብዛኛው አመልካች እዚህ ጋ ይንተባተባል። የኮርሱን ይዘት ይነግረናል፤ ካርቶን ግን ከፍቶ አያውቅም።

ስለዚህ ሴሚስተሩ ሳያልቅ አንድ ትንሽ ስብስብ ፈልጊና ጨርሺ። ሦስት ወይም አራት ካርቶን ይበቃል። ሃያ ካርቶን የሚሰጥሽ ሰው ካለ አመስግነሽ አራቱን ብቻ ውሰጂ፤ የተጋመሰ ሥራ ለቃለ መጠይቅ አይሆንም። ከየት ላምጣ ትዪ ይሆናል። ከራስሽ ትምህርት ክፍል ጸሐፊ ጀምሪ። የሙያ ማኅበር፣ ትምህርት ቤት፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ሁሉም ዘንድ «አንድ ቀን እናስተካክለዋለን» የተባለ ቁም ሣጥን አለ። የምትሠሪውንና የማትሠሪውን በአንድ ገጽ ጽፈሽ ኃላፊው ይፈርሙልሽ። ያ ወረቀት በኋላ ማስረጃሽ ነው።

ካርቶኑ ሲመጣ እጅሽን ሰብስቢ። ምንም ሳትነኪ ፎቶ አንሺ። ይህን የምልሽ ከራሴ ጥፋት ተምሬ ነው።

የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ የአንድ ማኅበር ጸሐፊ የነበሩ ሰው ደብዳቤዎች ተሰጡኝ። በጥቅል በጥቅል ሆነው በነጭ ክር ታስረው ነበር። እኔ ጎበዟ ክሩን ሁሉ ፈትቼ ደብዳቤዎቹን በቀን ቅደም ተከተል ደረደርኳቸው። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። አለቃዬ መጡ፣ ጠረጴዛውን አዩና «ክሩስ?» አሉ። ክሩ የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ነበር። ለካ ሰውየው እያንዳንዱን ጉዳይ ለብቻው ነበር ያሰሩት፤ አቤቱታው፣ መልሱ፣ ደረሰኙ፣ አንድ ላይ። የትኛው ወረቀት ከየትኛው ጉዳይ ጋር እንደሚሄድ የሚናገረው ያ ክር ነበር። ከዚያ በኋላ ማንም ወደ ቦታው ሊመልሰው አልቻለም።

የሚገርመው፣ በዚሁ ርዕስ ፈተና ላይ ኤ አግኝቻለሁ። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1841 የአንድ ተቋም መዛግብት ከሌላው ጋር አይቀላቀሉ የሚል መመሪያ ማውጣታቸውን አውቃለሁ። የደች ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1898 ባሳተሙት መጽሐፍ ነባሩ አደራደር ይጠበቅ ማለታቸውንም በቃሌ እወጣዋለሁ። እጄ ግን አልሰማም።

ከዓመታት በኋላ ለሌላ ሥራ ስወዳደር «የሠራሽውን ስህተት ንገሪን» ተባልኩ። የክሩን ነገር አወራሁ። ከጠያቂዎቹ አንዱ ሳቁና «እኔ ደግሞ ፎቶዎቹን ስማቸው ከተጻፈበት ፖስታ አውጥቼ ፖስታውን ጥያለሁ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ያለው ጨዋታ ሆነ። ሥራውን አገኘሁ።

አንድ ማስታወሻ ደብተር ያዢ። ቀኑን፣ የወሰንሽውን፣ ምክንያቱን ጻፊበት። «እነዚህን ሁለት ፋይሎች አላዋሃድኩም፤ አንደኛው በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ ስለሆነ» ዓይነት። ቃለ መጠይቅ ላይ የምታወሪው ከዚያ ደብተር ነው። መግለጫውን፣ ማለትም ስብስቡ ምን እንደያዘ ለአንባቢ የሚነግረውን ጽሑፍ፣ ስትጽፊ ከጥቅሉ ወደ ዝርዝሩ ውረጂ። ዓለም አቀፉ የመዛግብት ምክር ቤት ያወጣው ኢሳድ-ጂ የተባለው መመዘኛ 26 የመግለጫ ክፍሎች አሉት። ሁሉን መሙላት አይጠበቅብሽም። ለዓለም አቀፍ ልውውጥ የግድ የሚባሉት 6 ናቸው፦ መለያ ቁጥር፣ ርዕስ፣ አመንጪ (ወረቀቶቹን ያፈራው ሰው ወይም ተቋም)፣ ዘመን፣ መጠንና የመግለጫው ደረጃ (ሙሉው ስብስብ ነው፣ ፋይል ነው ወይስ አንድ ወረቀት)። 6ቱን በትክክል የሞላ ሰው 26ቱን በግምት ከሞላ ሰው ይበልጥብኛል።

አሁን ደግሞ እኔ ብዙ ጊዜ የምጠይቃት ጥያቄ። «400 ያልተነካ ካርቶን አለን፤ ሠራተኛው ሁለት ነው። ምን ታደርጊያለሽ?» ጥሩ ተማሪ የሚባለው ነው እዚህ የሚወድቀው። እያንዳንዷን የዛገች አግራፍ እንደሚነቅል፣ እያንዳንዱን ወረቀት እንደሚዘረዝር ይነግረኛል። በዚያ አካሄድ ጡረታ እንወጣለን። እ.ኤ.አ. በ2005 ሁለት አሜሪካውያን የመዛግብት ባለሙያዎች በጽሑፍ የተከራከሩት ይህንኑ ነበር፤ አጣርተን እስክንጨርስ አንባቢው ደጅ ከሚቆም፣ በጥቅሉ ገልጸን እንክፈትለት ነው ነገሩ። እኔ በአብዛኛው እስማማለሁ። ግን ካርቶኑ ሲከፈት የኮምጣጤ ሽታ ከመጣ ፊልም እየተበላሸ ነው ማለት ነው። አሲቴት የሚባለው የፊልም ዓይነት ሲፈርስ እንደዚያ ይሸታል፤ አጠገቡ ያለውንም ሊያበላሽ ይችላል። እሱ ለነገ አይባልም። የአንቺ አቋም ከእኔ ሊለይ ይችላል፤ ችግር የለውም። አቋም ይኑርሽ ብቻ።

ኮምፒውተሩን በተመለከተ፣ ፕሮግራመር ሁኚ የሚልሽን አትስሚ። መጀመሪያ የኤክሴል ሠንጠረዥሽ ይጽዳ። ቀን ስትጽፊ ዓመት፣ ወር፣ ቀን እያልሽ በአንድ ዓይነት መንገድ ጻፊ። የፋይል ስም ላይ «የመጨረሻ፣ እውነተኛ የመጨረሻ» የሚባል ነገር አልይ። ቼክሰም ምን እንደሆነ ለእናትሽ ማስረዳት እስክትችዪ ተማሪ፤ አንድ ፋይል ከተቀመጠ በኋላ ቅንጣት እንኳ እንዳልተለወጠ የምናውቅበት ቁጥር ነው። ከዚያ አቶም የተባለውን ነጻ የመዛግብት መግለጫ ሶፍትዌር ላፕቶፕሽ ላይ ጫኚና የአራቱን ካርቶን መግለጫ አስገቢበት። መጫኑ ያስለቅስሻል። በጫንሽው ማግስት ግን «አቶምን አውቃለሁ» ስትዪ ድምፅሽ ራሱ ይለወጣል።

አንድ ነገር እንዳትረሺ። ሥራሽን ለቀጣሪ ስታሳዪ የሰው የጤና ወረቀት፣ የደመወዝ ዝርዝር፣ የቤተሰብ ጠብ ያለበትን ገጽ አታሳዪ። ኃላፊውን አስፈቅጂ። አንድ አመልካች በአንድ ወቅት የሌላ ሰው የሕክምና ካርድ ያለበት ናሙና አምጥቶልን ነበር። ሥራው ቆንጆ ነበር። አልቀጠርነውም።

ማስታወቂያ ስትፈልጊ ደግሞ «አርካይቪስት» ብቻ ብለሽ አትፈልጊ። ይኸው ሥራ በባንክ፣ በሆስፒታል፣ በፍርድ ቤት «የሪከርድ ማኔጅመንት ባለሙያ»፣ «የሰነድ ቁጥጥር ሠራተኛ»፣ «የመረጃ አስተዳደር ኦፊሰር» እየተባለ ይወጣል። ማስታወቂያውን በቀይ እስክሪብቶ አስምሪበት፤ በተሰመረው አንጻር ከደብተርሽ አንድ አንድ ምሳሌ ጻፊ። ሁለት ዓመት ልምድ የሚለው? አንዳንድ መሥሪያ ቤት ቆርጦ ይጥልሻል፣ አንዳንዱ ያይሻል። ላኪው።

ጥያቄ፦ እኔ መሥራት የምፈልገው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌ ግን ስለ መዛግብት ነው። ይጎዳኝ ይሆን?
ሁለት ልብ የሆነው

መልስ፦ አይጎዳህም። መግለጫ መጻፍን ከቻልክ ካታሎግ ማድረግን ግማሽ መንገድ ሄደሃል። የቀረው የቤተ መጻሕፍቱን ቋንቋ መልመድ ነው። ማርክ ቤተ መጻሕፍት የመጽሐፍን መረጃ በቁጥር በተለዩ መስኮች ኮምፒውተር ላይ የሚመዘግቡበት ሥርዓት ነው፤ በማርክ መዝገብ ላይ 100 ዋናው ደራሲ፣ 245 ርዕስ፣ 650 መጽሐፉ የሚያወራበት ርዕሰ ጉዳይ መሆኑን ሳታስብ መመለስ አለብህ። ኮሃ የሚባለው የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር ነጻ ነው፤ ኒውዚላንድ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2000 ሥራ የጀመረ ነው። ጫነውና ቤትህ ያሉትን መጻሕፍት ሃምሳውን አስገባ። በዐሥረኛው ላይ ሁለት ደራሲ ያለው መጽሐፍ ይገጥምሃል፤ ትምህርቱ እዚያ ጋ ይጀምራል።

በነገራችን ላይ ማመልከቻህ ላይ «መጽሐፍ ማንበብ በጣም እወዳለሁ» የሚለውን አውጣው። ሁሉም ይጽፈዋል። የመጀመሪያውን ወር የምታሳልፈው ደግሞ ፕሪንተር ውስጥ የተቀረቀረ ወረቀት እየጎተትክ ነው።