የማጅራት ገትር ክትባት፦ ለተጓዦች ጥያቄዎች መልስ

ረመዷን ሲቃረብ ከደሴና ከኮምቦልቻ ስለ ዑምራ ጉዞና ስለ ማጅራት ገትር ክትባት የሚጠይቁ ደብዳቤዎች ይበረክታሉ። የዛሬውን ዓምድ ለእነሱ ሰጥቻለሁ።

እናቴ በሚቀጥለው ሳምንት ለዑምራ ይሄዳሉ። ክትባቱን አዲስ አበባ ደርሰው በበረራቸው ዋዜማ ቢወስዱስ? (ከደሴ፣ ሸዋ በር)

አይሆንም። ሳዑዲ ዐረቢያ ክትባቱ ከመግባታቸው ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ እንዲወሰድ ታዝዛለች። ትእዛዙ ያለ ምክንያት አልወጣም፤ ሰውነት መከላከያውን እስኪያዘጋጅ ቀናት ይፈጅበታል። በዋዜማው ተወግተው ቢሄዱ ሕዝብ መሐል የሚገቡት ገና ሳይጠበቁ ነው። በተቻለ መጠን ትኬቱን አራዝሙላቸው፤ ክትባቱን ግን ዛሬውኑ ይውሰዱ።

ጉዟችንን የሚያመቻችልን ሰው «መርፌው ይቅርባችሁ፣ ካርዱን አስመትቼ አመጣለሁ» አለን። ብንቀበለውስ? (ከኮምቦልቻ)

እባካችሁ አትቀበሉት። ማኅተሙ በር ያስከፍት ይሆናል፤ ተህዋሱን ግን አያስቆመውም። በሽታው የሚተላለፈው በሳልና በምራቅ፣ በተለይም አንድ ክፍል ውስጥ አብሮ በማደር ነው። መካ ላይ አራትና አምስት ሆናችሁ በአንድ ክፍል እንደምታድሩ አስቡት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000 ከሐጅ የተመለሱ ምእመናን «ደብልዩ» የተባለውን ዓይነት ይዘው ገብተው፣ ከቤታቸው ያልወጡ ልጆችና ዘመዶች ጭምር ታመዋል። ተህዋሱ ጉሮሮው ውስጥ ያለበት ሰው ራሱ ሳይታመም ሌላውን ሊያስይዝ ይችላል። የሐሰት ካርድ የያዘ ተጓዥ እንግዲህ የሚያጋልጠው ራሱን ብቻ አይደለም፤ ደጅ ላይ ቆሞ የሚጠብቀውን የልጅ ልጁንም ነው። ይህን ነገር እንደ ቀላል ማጭበርበር ልቆጥረው አልችልም።

ተማሪ ሳለሁ በዘመቻ ተከትቤአለሁ። አይበቃም?

አይበቃም። ከ2013 (እ.አ.አ.) ጀምሮ በአገራችን በዘመቻ የተሰጠው ክትባት «ኤ» የተባለውን ዓይነት ብቻ የሚከላከል ነው። ለሐጅና ለዑምራ የሚጠየቀው «ኤ»ን፣ «ሲ»ን፣ «ደብልዩ»ንና «ዋይ»ን በአንድ ላይ የሚከላከለው ነው።

ከአራት ዓመት በፊት ለሐጅ የወሰድኩት አሁንም ያገለግላል?

እንደ ክትባቱ ዓይነት ነው። የቀድሞው ዓይነት («ፖሊሳካራይድ» የሚባለው) ለሦስት ዓመት፣ አዲሱ («ኮንጁጌት» የሚባለው) ለአምስት ዓመት ተቀባይነት አለው። ካርዱ ላይ ዓይነቱ ካልተጻፈ እንደገና ይከተቡ።

የቢጫ ወባ ክትባት አለኝ፤ ካርዱም ቢጫው ነው።

ካርዱ አንድ ቢሆንም ክትባቶቹ የተለያዩ ናቸው። አንዱ ሌላውን አይተካም።

ባለቤቴ ከጉዞ ከተመለሰ በኋላ ራስ ምታትና ትኩሳት ያዘው። እናቱ «ምች ነው» ብለው ዳማከሴ አሹለት። ዳነ፤ እኔ ግን አሁንም እሰጋለሁ። (ከደሴ፣ ፒያሳ)

እንኳን ዳነ። ስጋትዎ ግን ተገቢ ነው። ዳማከሴው በራሱ ክፋት የለውም፤ የሚገድለው «እስቲ እስከ ነገ ይታይ» ማለቱ ነው። ይህ በሽታ በ24 ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል፤ የተረፈውንም መስማት ሊያሳጣው ይችላል። ትኩሳትና ከባድ ራስ ምታት ያለበት ሰው አገጩን ደረቱ ላይ ማድረስ ካቃተው፣ ብርሃን ካስጠላው፣ ካስመለሰው ወይም ከተዘባረቀ በሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ይሂድ። ሐምራዊ ነጠብጣብ ከወጣበት የመስታወት ብርጭቆ ጫን አድርጉበት፤ ካልጠፋ አንድ ደቂቃም አትጠብቁ። ለሐኪሙ ከየት እንደተመለሰ ንገሩት፤ አብረውት የሚያድሩትም የመከላከያ መድኃኒት ያስፈልጋቸው እንደሆነ እዚያው ጠይቁ።