በሕመም ምክንያት ሥራ ከመልቀቅ በፊት፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ሠራተኞች ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ከጥያቄዎቹ ሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል። የሐኪሞች ቦርድ ሳይወስን «በራሴ ፈቃድ ለቅቄያለሁ» የሚል ወረቀት አትፈርሙ። የሚከፈላችሁና የምታጡት ገንዘብ በአብዛኛው የሚወሰነው ስንብቱ ላይ በሚጻፈው ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ፣ ክር መፍተያ ክፍል 12 ዓመት ሠርቻለሁ። ትንፋሽ እያጠረኝ ነው። አለቃዬ «መልቀቂያሽን አስገቢና ጡረታሽን ከዚያ ትጠይቂያለሽ» አለኝ። ላስገባ?

መልስ፦ አታስገቢ እህቴ። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ (1268/2014) 10 ዓመትና ከዚያ በላይ አገልግሎ ለሥራው የሚፈለገውን የጤና ሁኔታ ባለማሟላቱ ለተሰናበተ ሠራተኛ የዕድሜ ልክ የጤና ጉድለት አበል ይሰጣል። በራሱ ፈቃድ የለቀቀ ግን 12 ዓመት ቢያገለግልም ይህን አበል አያገኝም።

ስሌቱ እንዲህ ነው። የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝሽ ይወሰዳል። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው እያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። አማካዩ 8,000 ብር ከሆነ ላንቺ 32.5 በመቶ፣ ማለትም በወር 2,600 ብር ይመጣል።

አሁን ከድርጅቱ ወደ ሆስፒታል የሚጻፍ ደብዳቤ ጠይቂ። ደብዳቤው የሥራ መደብሽን፣ የምትሠሪበትን ክፍልና ስንት ዓመት እንደሠራሽ ይግለጽ። ስፔሻሊስቱ ካየሽ በኋላ ጉዳዩ ወደ ቦርድ ይመራል። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ማስረጃው «ሕመም አለባት» ብቻ ካለ አይበቃም፤ «ቀላል ሥራ ይሰጣት» ካለ ደግሞ የሚያዛውር እንጂ የሚያሰናብት አይደለም። ሕመሙ ዘላቂ መሆኑና ሥራውን መሥራት እንደማትችይ በግልጽ መጻፍ አለበት። ወረቀቱን ሳታነቢ ከሆስፒታሉ አትውጪ።

ከዚህ የሚበልጥ ነገርም አለ። የጥጥ ብናኝ የሚያመጣው የሳንባ ሕመም ከሥራ የመጣ በሽታ ሊባል ይችላል። ከዕረፍት ቀን ተመልሰሽ በመጀመሪያው የሥራ ቀን ደረትሽን ይበልጥ የሚያፍንሽ ከሆነ ለሐኪሙ ይህንኑ ንገሪው፤ የዚህ በሽታ ዋና ምልክት ነው። ከሥራ የመጣ ተብሎ ከተረጋገጠና ለዘለቄታው መሥራት የማያስችልሽ ከሆነ የአገልግሎት ዘመን አይጠየቅም፣ አበሉም ከደመወዝሽ 47 በመቶ ነው። ሐኪሙ ሥራሽን ካላወቀ ግንኙነቱን ሊጽፍልሽ አይችልምና ስለ ብናኙ፣ ስለ ክፍሉና ስለ ዓመቱ ሳይጠይቅሽ ተናገሪ።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ቦርዱ ከወሰነ በኋላ ማመልከቻው ምን ይበል?

መልስ፦ አጭር ይሁን፦ «የሐኪሞች ቦርድ በቀን … በቁጥር … በሰጠው ማስረጃ ሥራዬን መቀጠል እንደማልችል ስለተረጋገጠ የሥራ ውሌ በጤና ምክንያት እንዲቋረጥና የስንብት ደብዳቤ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።» በሁለት ኮፒ አዘጋጂ፣ አንዱ ላይ የመዝገብ ቤት ቁጥርና ማኅተም አስደርጊ። አንቀበልም ካሉ በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ላኪና ደረሰኙን ያዢ። የስንብት ደብዳቤው ሲመጣ «በፈቃዷ» የሚል ከገባበት ሳትፈርሚ እንዲታረም መልሺው።

ጥያቄ፦ እኔ 4 ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ 7 ዓመት በግል ፋብሪካ ሠርቻለሁ። 10 ዓመት አልሞላህም ይሉኛል።

መልስ፦ ጡረታ የተከፈለባቸው ዘመናት ይደመራሉ፤ ስለዚህ 11 ዓመት አለህ። ከመጀመሪያው መሥሪያ ቤት የአገልግሎት ማስረጃ አምጣ። ድምሩ በእርግጥ ከ10 በታች ለሆነ ሰው የሚሰጠው አንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ነው።

ጥያቄ፦ ሁለት ወር ታምሜ ለሁለቱም ወር ግማሽ ደመወዝ ነው የተከፈለኝ። ልክ ነው?

መልስ፦ ልክ አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ የመጀመሪያው ወር ሙሉ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ነው። ደመወዝህ 6,000 ከሆነ 9,000 ማግኘት ሲገባህ የሰጡህ 6,000 ነው። ስድስት ወሩ የሚቆጠረው ሕመሙ ከጀመረበት ቀን አንስቶ ባሉት 12 ወራት ውስጥ ነው። በቀረህ ማግስት ማሳወቅና በመንግሥት ከታወቀ የሕክምና ተቋም ማስረጃ ማምጣት ያንተ ግዴታ ነው። ጸበል የምትገቡም ብትሆኑ መጀመሪያ የሐኪም ወረቀት ያዙ፤ አለዚያ ያለ በቂ ምክንያት እንደ መቅረት ይቆጠርባችኋል።

ጥያቄ፦ ደሴ ሆቴል ውስጥ 6 ዓመት ሠርቻለሁ፣ ደመወዜ 4,500 ነው። ጡረታ ተቆርጦልኝ አያውቅም። ወገቤ አልቻለም፤ ባዶ እጄን ልወጣ ነው?

መልስ፦ አብሽሪ፣ ባዶ እጅሽን አትወጪም። 5 ዓመትና ከዚያ በላይ አገልግሎ በሕመም ምክንያት ውሉ የተቋረጠ ሠራተኛ የሥራ ስንብት ክፍያ አለው። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ ይታሰባል፤ ጣሪያው የ12 ወር ደመወዝ ነው። ላንቺ 4,500 ሲደመር 1,500 በ5፣ ማለትም 12,000 ብር ነው። ያልወሰድሽው የዓመት ፈቃድም ወደ ገንዘብ ይለወጣል። የሥራ ልምድ ወረቀት ደግሞ ያለ ክፍያ ሊሰጡሽ ይገባል።

ማስጠንቀቂያውን 30 ቀን አስቀድመሽ በጽሑፍ ስጪ። ድንገት ብትቀሪ አሠሪው እስከ 30 ቀን ደመወዝ ካሳ ሊጠይቅሽ ይችላል። ውሉ ከተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ሊከፍሉሽ ይገባል፤ ያለ በቂ ምክንያት ካዘገዩ ፍርድ ቤት እስከ 3 ወር ደመወዝ ሊጨምርባቸው ይችላል። ከሁሉም በላይ የጊዜ ገደቡን ጠብቂ። ከስንብት የሚነሳ የክፍያ ጥያቄ ከ6 ወር በኋላ በይርጋ ይታገዳል። «ነገ ና፣ ከነገ ወዲያ ና» ሲባል ስንት ሠራተኛ መብቱን አጥቷል! ለሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ ስለሌለ ገንዘብ የለኝም ብለሽ አትቅሪ።

ጡረታ አለመቆረጡ የአሠሪው ጥፋት ነው። ከደመወዝሽ 7 በመቶ ቆርጦ፣ ከራሱ 11 በመቶ ጨምሮ መክፈል ነበረበት። ለግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና በጽሑፍ አመልክቺ።

ጥያቄ፦ ታመህ ሥራህን መሥራት አልቻልክም ብሎ ራሱ አሠሪው ቢያሰናብተኝስ?

መልስ፦ ይችላል፣ ግን በማስጠንቀቂያ ነው። እስከ አንድ ዓመት ላገለገለ 1 ወር፣ ከ1 እስከ 9 ዓመት 2 ወር፣ ከዚያ በላይ 3 ወር።

ጥያቄ፦ ሌላ ሥራ እስካገኝ የሚከፈል ነገር አለ?

መልስ፦ የሥራ አጥ አበል በአገራችን የለም። የማኅበረሰብ ጤና መድን በቀበሌ በኩል ይመዝገቡ፤ መደበኛ ቅጥር ለሌላቸው የተዘጋጀ ነው፣ ለመክፈል አቅም ለሌላቸውም መንግሥት የሚሸፍንበት አሠራር አለ። የከተማ ሴፍቲኔት ሲጀመር ደሴ ከመጀመሪያዎቹ 11 ከተሞች አንዷ ነበረች፤ መሥራት ለማይችሉ ቀጥታ ድጋፍ አለው። ነገር ግን በምልመላ የሚገባበት ስለሆነ እሱን ተማምነው ከሥራ አይውጡ።

ጥያቄ፦ ፋይሌ በ2014 በጦርነቱ ጊዜ ጠፍቷል። አገልግሎቴን በምን ላስረዳ?

መልስ፦ የግል ድርጅት የጡረታ መዋጮ በየወሩ ከሠራተኞች ስም ዝርዝር ጋር ለገቢዎች ይቀርባል፤ ስለዚህ የድርጅቱ ፋይል ቢቃጠልም ዝርዝሩ እዚያ ሊገኝ ይችላል። ከማኅበራዊ ዋስትናም የጡረታ መለያ ቁጥርዎን ይዘው መረጃ ይጠይቁ። ደመወዝዎ በባንክ ይገባ ከነበረ የሂሳብ መግለጫ ያውጡ፤ ከፋዩ ድርጅትና ወሩ ይታይበታል። የቅጥር ደብዳቤ፣ የዕድገት ደብዳቤ፣ የድሮ መታወቂያ፣ የሠራተኛ ማኅበር መዋጮ ደረሰኝ፣ የተገኘውን ሁሉ ሰብስበው ድርጅቱ አዲስ ፋይል እንዲከፍትልዎ በጽሑፍ ይጠይቁ። ይህን ገና ሥራ ላይ እያሉ ያድርጉት፤ ከወጡ በኋላ የሚያስተናግድዎ ሰው ማግኘት ይከብዳል።